ለሐዋሳ ስዘጋጅ ቸርችልን የሮጥኩ ዕለት

ከታክሲ መውረድ አቅቶኝ በሩን ይዤ የቆምኩት ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ውድድሩ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። ረዳቱ «እናት፣ ቀስ ብለሽ» ብሎ ክንዴን ደገፈኝ። ስሳፈር ምንም አላመመኝም። ስወርድ ግን ጭኔ ተቆረጠ ብዬ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለረጅም ሩጫ እየተዘጋጃችሁ መሃል ላይ አጭር የዳገት ውድድር ለምትገቡ ነው። የዳገት ውድድር ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚታየን መውጣቱ ነው። ልምምዳችንም፣ ፍርሃታችንም ለመውጣቱ ነው። ለመውረዱ የሚዘጋጅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔም አልተዘጋጀሁም ነበር።

ዕድሜዬ 41 ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሩጫ የጀመርኩት እንደ ብዙ ሰው በታላቁ ሩጫ ነው። በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ኃይሌ ገብረሥላሴ ያሸነፈውን ውድድር እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ እየሮጥኩም እየተራመድኩም ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም። ዘንድሮ ያሰብኩት የሐዋሳውን ግማሽ ማራቶን፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትሩን ነበር።

ሐዋሳን ከዚህ በፊትም አስቤው አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ተመዝግቤ፣ ስዘጋጅ ከርሜ፣ አራት ሳምንት ሲቀረኝ አንድ አጭር ውድድር ገባሁ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አጠገቤ ስትሮጥ አየሁና እልህ ያዘኝ። ዳገት ላይ ልቀድማት ስል ባቴ ላይ የሆነ ነገር ጠቅ አለኝ። እያነከስኩ ጨረስኩ። ሐዋሳ ቀረ። በዚያ ዓመት ያልሮጥኩበት የመሮጫ ቁጥር እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ዘንድሮ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የ9 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ አልኩ። መንገዱን ስሰማ ጭራሽ። ከስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት ይነሳል። በአራት ኪሎ አድርጎ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርዳል። ከድልድዩ ፒያሳ ድረስ ይወጣል። ከማዘጋጃ ቤት ጀምሮ ቸርችልን ቁልቁል ይዞ ለገሃር ይደርሳል። እዚያ ዞሮ በመጣበት ይመለሳል። የአዲስ አበባን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ገና ሳይሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ የሠፈራችን አዛውንት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ለአንድ የጦር ሠራዊት ክለብ ሮጠዋል። አሁንም ማለዳ ማለዳ ጃንሜዳን በእርምጃ ይዞሩታል።

«ልጄ፣ ለምን ትፈሪዋለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያለፈውን ያውቁታል። ሐዋሳ እንዳይቀርብኝ ነው።»

«ያኔ የጎዳሽ ዳገቱ አይደለም። ልትቀድሚ መሄድሽ ነው። አሁን ለልምምድ ሂጂ። ዳገቱን በእግርሽ አትውጪው፤ በትንፋሽሽ ውጪው።»

ይቺ የመጨረሻዋ ምክር ለእኔ ትልቅ ነገር ነበረች። ላስረዳ።

ሜዳ ላይ ስንሮጥ ብዙዎቻችን ሰዓት እናያለን። አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ ሄድኩ እንላለን። እኔ በሐዋሳ ያሰብኩት ፍጥነት አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ነበር። ይህን ቁጥር ዳገት ላይ ይዤ ልውጣ ብል ልቤ ትፈነዳለች። ዳገት ላይ ያው ፍጥነት ያው ልፋት አይደለም። ስለዚህ መያዝ ያለበት ትንፋሹ ነው። ሜዳ ላይ የምትተነፍሱትን ያህል እየተነፈሳችሁ ውጡ። እግራችሁ የፈለገውን ያህል ይዘግይ። ሁለት ሦስት ቃል መናገር ከቻላችሁ ደህና ናችሁ። አንድ ቃል እንኳ ካልወጣላችሁ በዝቷል፤ ቀንሱ።

እኔ እንዲያውም የዚያን ዕለት የሰዓቴን ፊት በፕላስተር ሸፈንኩት። ሰዓቱ ይቁጠር፣ እኔ ግን እንዳላየው። እንደኔ እልኸኛ ለሆነ ሰው ይህን ከልቤ እመክራለሁ።

ሌላው የቆረጥኩት ነገር ውድድሩን ከሳምንቱ ረጅም ሩጫ ጋር አንድ ማድረግ ነበር። አምስት ሳምንት ይቀረኝ ነበር። በዚያ እሑድ ፕሮግራሜ 16 ኪሎ ሜትር ይላል። ቅዳሜ 16፣ እሑድ ውድድር ብዬ ብደራርበው ያው የድሮው ስህተት ነው። ስለዚህ ከቤቴ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን 3 ኪሎ ሜትር ለማሟሟቂያ በዝግታ ሮጥኩት። ውድድሩ 9። ሲያልቅ ጃንሜዳ ሣሩ ላይ በጣም በዝግታ 4 ጨመርኩ። 16 ሞላ። ረጅሙም ሩጫ አልቀረ፣ ዳገቱም ተሮጠ።

ለዚህ ሲባል ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት ማቅለል ያስፈልጋል። እኔ የማክሰኞውን የፍጥነት ልምምድ በግማሽ ቀነስኩ። የሐሙሱን የሽሮ ሜዳ ዳገት ተውኩት። አርብ አረፍኩ፤ ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ ብቻ ተንቀሳቀስኩ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ላይ ጉልበት አይጨመርም። የሚጨመረው ድካም ነው።

ስለ ዳገት ልምምዱም ትንሽ ልበል። ከዚያ በፊት ለስድስት ሳምንት ያህል በሳምንት አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ እሠራ ነበር። አንድ ደቂቃ ሽቅብ ሮጬ፣ በእርምጃ እወርዳለሁ። መጀመሪያ አራት ጊዜ፣ በኋላ ስምንት ጊዜ። ትላልቆቹ አትሌቶቻችንም እንጦጦን ለዳገቱና ለከፍታው፣ ሰንዳፋን ለረጅሙ አስፋልት፣ አቃቂን ደግሞ ዝቅ ስለሚል ይመርጡታል። እኛ ለጤናና ለደስታ የምንሮጠውም ቦታውን በዚያው ልክ መምረጥ እንችላለን። የእኔ ችግር አንድ ነበር። ሁልጊዜ በእርምጃ ነው የምወርደው። በሩጫ አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም።

እሑድ ደረሰ። ጾም ነበር፣ የሁዳዴ መሃል። ከመነሳቴ ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ አንድ ብርጭቆ በሶ በውሃ በጥብጬ፣ ጨው ጣል አድርጌበት ጠጣሁ። ሙዝ ግማሽ። ከዚህ በላይ ሆዴ አይችልም። የውድድሩን አዲስ ቲሸርት አልለበስኩም፤ የለመድኩትን ለበስኩ። የእግሬን ጥፍር ከሦስት ቀን በፊት ቆርጬዋለሁ። ይህ ለቁልቁለት ወሳኝ ነው፤ ስትወርዱ ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ይመታል። ማሰሪያውንም እስከ መጨረሻዋ ቀዳዳ አስገብታችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ አካባቢ ጠበቅ አድርጉት። ጣታችሁ ጋ ይላላ። ተረከዝ ከተያዘ እግር ወደ ፊት አይንሸራተትም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተለቀቅን። ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ መንገዱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰው ሁሉ በረረ። ከኋላ ቀረሁ ብዬ ትንሽ ደነገጥኩ። ጋሼ ያሉኝን አስታውሼ ዝም አልኩ። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ መውረዱንም በልኩ ሄድኩት። ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ሲበሩ የነበሩት መራመድ ጀመሩ። እኔ ትንፋሼን ይዤ አለፍኳቸው። ሁለት እርምጃ አስገባለሁ፣ ሁለት እርምጃ አስወጣለሁ። ደስ አለኝ።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ ደስታ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ጋ ስደርስ ቸርችል ከፊቴ ተዘረጋ። መኪና የለበትም። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከዚያ ጥቁር አንበሳ፣ ፖስታ ቤት፣ እስከ ታች ለገሃር ድረስ ጭር ብሎ ይታያል። ይህን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ በታክሲ ተጨናንቄ ነው የማውቀው። ለቀቅኩት። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ትንፋሼ ምንም አላለኝም፤ ምክንያቱም ቁልቁለት ትንፋሽ አይጠይቅም። በትንፋሼ እለካለሁ ያልኩት መለኪያ ሲወርዱ አይሠራም! ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እኔም አላሰብኩትም።

የሚሆነው ይህ ነው። ስንወጣ የጭን ጡንቻ እየተኮማተረ ነው የሚገፋን። ያደክማል፣ ግን ብዙ አይጎዳም። ስንወርድ ደግሞ ጡንቻው ክብደታችንን ለመያዝ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። በእያንዳንዱ እርምጃ። ያን ጊዜ በጡንቻው ውስጥ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል። ሕመሙ በዚያው ቀን አይመጣም። በማግስቱ ይጀምርና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይብሳል። የማክሰኞዋ ታክሲ ምሥጢር ይህ ነው።

በቦስተን ማራቶን ሯጮችን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው ይባላል። መንገዱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ይወርዳል፤ ታዋቂዎቹ ዳገቶች የሚመጡት ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ጭኑን ቁልቁለቱ ላይ የጨረሰ ሰው ዳገቱ ጋ ሲደርስ የሚወጣበት እግር የለውም። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ. እዚያ ማሸነፉን ሳስብ አሁን ከበፊቱ በላይ ይገርመኛል።

ለገሃር የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጋ ዞርን። ወዲያው ገባኝ። ጭኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገና ቸርችልን በሙሉ መውጣት አለብኝ።

አሁን የጋሼ ምክር በትክክል የሠራልኝ እዚህ ነው። ቀና ብዬ ማዘጋጃ ቤትን አላየሁም። ከፊቴ አሥር ሜትር ያህል ብቻ አየሁ። እርምጃዬን አሳጠርኩ፤ ከወትሮው በግማሽ። ከወገቤ አልታጠፍኩም፤ ጎንበስ ሲሉ ሳንባ ይታፈናል። እጄን ግን አሠራሁት። እጅ ሲፈጥን እግር ይከተላል። ብሔራዊ ቴአትር ያለው አንበሳ ጋ ስደርስ ትንፋሼ ከሁለት ወደ አንድ ሊወርድ ሲል ቀነስኩ። ፖስታ ቤት ጋ አንድ ወጣት በሩጫ አለፈኝ። ተውኩት። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን አልተወውም ነበር። ትግላችን ሐውልት ጋ ያው ወጣት ወገቡን ይዞ ቆሟል። «አይዞህ፣ ቀስ እያልክ እንሂድ» አልኩት። ተከተለኝ። እስከ ፒያሳ አብረን ወጣን፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

አንድ ነገር ላክል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስትደርሱ አትቁሙ። ብዙ ሰው ጫፉን መጨረሻ አድርጎ ያለውን ሁሉ እዚያ ያፈሳል። ከዚያ ሜዳው ላይ ይሞታል። ጫፉን አልፋችሁ ሌላ ሃምሳ ሜትር በዚያው ትንፋሽ ሂዱ። እግራችሁ ራሱ ይፈታል። እኔ ማዘጋጃ ቤት ጋ ይህን አድርጌ፣ ድልድዩን ወርጄ፣ አራት ኪሎን ወጥቼ ስድስት ኪሎ ገባሁ። ፕላስተሩን ላጥ ሳደርገው 59 ደቂቃ ይላል። ስሄድ 27፣ ስመለስ 32። ባቴ ደህና ነው። አለቀስኩ።

ሰኞ ሁለቱም ጭኔ ጠነከረ። ማክሰኞ ያው የነገርኳችሁ ነው። መጀመሪያ በጣም ፈራሁ። ሐዋሳ ዳግመኛ ሄደ አልኩ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሕመሙ በሁለቱም እግር እኩል ከሆነ፣ ጭኑን በሙሉ ካዳረሰ፣ ስትንቀሳቀሱ እየቀለለ ከሄደ የጡንቻ ድካም ነው፤ በአራት አምስት ቀን ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ በጣት የምትነኩት ሕመም ከሆነ፣ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ካበጠ ወይም ካስነከሰ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ማስታገሻ ክኒን ውጣችሁ አትሩጡ። እኔ በባቴ ጊዜ ያደረግኩት እሱን ነው፤ የባሰ ጎዳኝ።

ጾም ስለነበር ሰውነቴ እንዲጠገን ምግብ ላይ ተጠነቀቅኩ። እሑድ ከሩጫ ገብቼ ብዙም ሳልቆይ ምስር ወጥና ሽሮ በእንጀራ በላሁ። አቮካዶ ጨመርኩ። ሱፍ ፍትፍትም በሳምንቱ ሁለት ቀን ሠራሁ። በጾም ሰዓት ለሚሮጥ ሰው ሽሮና ምስር ቀላል ነገር አይደሉም፤ መጠኑን ግን ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። ውሃም እንዲሁ። ሰኞ ምንም አልሮጥኩም። ረቡዕ በእርምጃ አርባ ደቂቃ ሄድኩ። ዓርብ ጃንሜዳ ሣሩ ላይ 5 ኪሎ ሜትር በዝግታ። የፍጥነት ልምምድ የጀመርኩት ከውድድሩ በዘጠነኛው ቀን ነው። ጊዜ አልባከነም። ጡንቻ ሳይድን የሚሠራ ፍጥነት ነው የሚባክነው።

ለጋሼ ስለ ጭኔ ስነግራቸው ሳቁ እንዳይመስላችሁ። ዝም አሉ። ከዚያ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ መውረዱን አልነገርኩሽም» አሉ። በሳምንቱ ይዘውኝ ወደ እንጦጦ መንገድ ሄዱ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አሳዩኝ።

«እነሱን እይ። ያን ሸክም ይዘው በየቀኑ ይወርዳሉ። እርምጃቸው ስንት ስንዝር ነው? ጉልበታቸው ይቆልፋል? ወደ ኋላ ይለጠጣሉ?»

አየሁ። እርምጃቸው አጭርና ፈጣን ነው። ጉልበታቸው ሁልጊዜ ትንሽ እጥፍ ይላል። እግራቸው ከፊታቸው ራቅ ብሎ አያርፍም፤ ከሥራቸው ነው የሚያርፈው። እኔ ቸርችል ላይ ያደረግኩት ተቃራኒውን ነው። ረጅም እርምጃ፣ ተረከዝ ከፊት፣ ሰውነት ወደ ኋላ። እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ነበር። እነዚያ እናቶች ለእንጀራቸው ሲሉ በየቀኑ የሚያደርጉትን ሥራ እኔ ትምህርት አድርጌ ሳየው ልቤ ከብዶኛል። ግን ከዚያ ቀን የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከዳገት ልምምዴ መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በጣም በዝግታ፣ በአጭር እርምጃ እየሮጥኩ ወረድኩ። የሚገርመው በሁለተኛው ሳምንት ጭኔ ምንም አላለም። ጡንቻ አንዴ ቁልቁለት ካየ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ይለምደዋል። ስለዚህ የዳገት ውድድር ካለባችሁ ከሦስት አራት ሳምንት በፊት ትንሽ ትንሽ መውረድ ልመዱ። ትንሽ ነው ያልኩት። በመጨረሻው ሳምንት ግን ቁልቁለት አትንኩ። የረጅሙ ውድድራችሁ ሦስት ሳምንት ብቻ ከቀረውም እንዲህ ያለ ውድድር ባትገቡ ይሻላል ባይ ነኝ። አምስት ሳምንት ለእኔ በቂ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ቢሆን ኖሮ ሐዋሳ በዚያ እግር አይሮጥም።

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ከፍታዋም 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ2,300 ሜትር በላይ ካለችው አዲስ አበባ ለሄደ ሰው ትንፋሹ ቀለል ይላል። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። እስከ 15ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ያሰብኩትን ፍጥነት ይዤ ሄድኩ። 17 ላይ ፀሐይዋ ጠነከረች፣ እግሬ ከበደ። መንገዱ ሜዳ ሆኖ ዳገት መሰለኝ። ያን ጊዜ ሰዓቴን ማየት ተውኩ። እጅጌዬን ወደታች ጎትቼ ሸፈንኩት። አሥር ሜትር ብቻ አየሁ። ሁለት አስገባለሁ፣ ሁለት አስወጣለሁ። ፖስታ ቤት። ጥቁር አንበሳ። ቴዎድሮስ አደባባይ። በልቤ ቸርችልን እየወጣሁ አራቱን ኪሎ ሜትር ጨረስኩት። 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ።

ሐይቁ ዳር ጥላ ፈልጌ ተቀምጬ ለጋሼ ደወልኩ። አነሱት። ገና ሰላም ሳይሉኝ፣ ገና መጨረሴን ሳልነግራቸው፣

«ጭንሽስ?» አሉኝ።